በየዓመቱ ጋዝ የሚሞላ ኤሲ፦ ኮምፕረሰሩን ከማስቀየርሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ያልሽው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ፣ የእናትሽ መኝታ ክፍል ውስጥ፣ የሚያቀዘቅዝም የሚያሞቅም 18,000 ቢቲዩ (የአቅሙ መለኪያ) ስፕሊት ኤሲ አለ፤ ስፕሊት ማለት አንዱ ክፍሉ ቤት ውስጥ፣ ሌላው ውጪ ሆኖ በቱቦ የሚገናኝ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ለእናትሽ ታሞቂበታለሽ። መጋቢት ገብቶ ወደ ማቀዝቀዣ ስትመልሺው ግን አይቀዘቅዝም። በየዓመቱ ባለሙያ ይመጣል፣ ጋዝ ይሞላል፣ ትንሽ ይሠራል። ዘንድሮ ቱቦው ላይ በረዶ ሠራና ባለሙያው «ኮምፕረሰሩ አልቋል፣ ይቀየር» አለሽ፤ ኮምፕረሰር ማለት የውጪው ክፍል ውስጥ ያለው፣ ጋዙን እየሳበ የሚጨምቀው ሞተር ነው። ደግሞም ስታሞቂበት የውጪው ክፍል ነጭ ጭስ እያወጣ ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል።

እኔ የምተዳደረው በዚሁ ሙያ ነው፤ እዚሁ ከተማና በሐይቁ ዳርቻ ባሉ ቤቶች፣ ሎጆችና ፋርማሲዎች ብዙ ኤሲ ከፍቼ አይቻለሁ። ማሽንሽን በዓይኔ ሳላየው ደህና ነው ብዬ አልምልልሽም። ከነገርሽን ምልክት ተነስቼ ግን በእርግጠኝነት የምመክርሽ አለ፦ መጀመሪያ ጋዙ የሚወጣበት ቦታ ይገኝ። እስከዚያ ለኮምፕረሰር አንድ ብር አታውጪ።

ምክንያቴ በረዶው ነው። ቱቦው ላይ በረዶ የሚሠራው ኮምፕረሰሩ ጋዙን ከውስጡ ክፍል ስቦ ግፊቱን በጣም ሲያወርደው ነው፤ ግፊቱ ሲወርድ ጋዙ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይቀዘቅዛልና የአየሩ እርጥበት ቱቦው ላይ ይረጋል። መሳብ ያቃተው ኮምፕረሰር ይህን ማድረግ አይችልም። ያለቀ ኮምፕረሰር ምልክቱ ሌላ ነው፦ እየዞረም ሁለቱ ቱቦዎች ልዩነት ሳይኖራቸው ለብ እንዳሉ ይቀራሉ፣ ወይም ለመነሳት እየታገለ እምም ብሎ ይጠፋል፣ ወይም ብሬከሩን ይጥላል።

በረዶው የት እንደሠራ አልነገርሽንም፤ እሱ ብዙ ይናገራል። በቀጭኑ ቱቦ ላይና በውስጡ ክፍል ራዲያተር አንድ ጥግ ብቻ ከሆነ ጋዝ ጎድሏል ማለት ነው። ራዲያተሩን በሙሉ ሸፍኖ እስከ ወፍራሙ ቱቦ ከመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ አየር በደንብ እያለፈ አይደለም፤ ፊልተሩ ወይም የፋኑ ሲሊንደር በአቧራ ተደፍኗል። በረዶ ባየሽ ጊዜ በቢላም በካቻቢቴም እንዳትነኪው፤ የራዲያተሩ ቱቦ ስስ ነው፣ ይበሳል። ማቀዝቀዣውን አጥፊና ፋኑን ብቻ አስነሺው፣ ራሱ ይቀልጣል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጋዙ እንደ ምድጃ ነዳጅ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ፈሳሽ እየሆነ፣ ተመልሶ ጋዝ እየሆነ ይዞራል እንጂ አይበላም። በደንብ የተገጠመ ኤሲ ፋብሪካ በሞላለት ጋዝ ዕድሜውን በሙሉ ሊሠራ ይችላል። ጎደለ ማለት ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን ሳይፈልግ በየዓመቱ ጋዝ እየሞላ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ጥገና አልሠራልሽም፤ ችግሩን ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፎልሽ ነው የሄደው። ይሄ ነገር በጣም ያበሳጨኛል፤ በሽተኛ ወይም አዛውንት ያለበት ቤት ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል።

ለምን ሁልጊዜ በመጋቢት? መልሱ ያለው በታኅሣሥ ነው። ጋዙ አር-410ኤ የሚባለው ዓይነት ነው እንበል። ስታቀዘቅዢ ወደ ቤት በሚገቡት ቱቦዎች መገጣጠሚያ ላይ ያለው ግፊት 8 ወይም 9 ባር ገደማ ነው። ስታሞቂ ግን ማሽኑ ዑደቱን ይገለብጠዋል፤ የውስጡ ክፍል የትኩስ ጋዝ ማረፊያ ስለሚሆን እነዚያው መገጣጠሚያዎች 25 ባር አካባቢ ይሸከማሉ፣ ማለትም ሦስት እጥፍ ያህል። በማቀዝቀዝ ጊዜ ብዙም የማይተፋ መገጣጠሚያ በማሞቅ ጊዜ ይተፋል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሌሊት ሌሊቱን ሲወጣ ይከርምና ሙቀት መጥቶ ማቀዝቀዣ ስትፈልጊ ጎድሎ ታገኚዋለሽ። የምትነግሪን ታሪክ ከዚህ ጋር ልክ ይገጥማል፤ ለዚህ ነው የቤት ውስጡን ጫፍ አጥብቄ የምጠረጥረው።

ቀዳዳውን አንቺም መፈለግ ትችያለሽ። የውስጡ ክፍል ጀርባ ወይም ጎን፣ ቱቦዎቹ በቴፕ ተጠቅልለው ግድግዳ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት፣ ሁለት ዳዶዎች አሉ። የመዳቡ አፍ ሰፋ ተደርጎ በዳዶ የሚታሰርበት፣ ባለሙያዎች ፍሌር የሚሉት ቦታ ነው። ቴፑን ፍቺና ስፖንጁን ገለጥ አድርጊ። ጋዙ ሲወጣ የኮምፕረሰሩን ዘይት ጥቂት ጥቂት ይዞ ይወጣል፤ ዘይቱ ላይ አቧራ ይጣበቅና ዳዶው ሥር ጥቁር፣ ሲነኩት የሚያዳልጥ እድፍ ይሠራል። እሱን ካየሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል። ቀጥሎ ላርጎ በትንሽ ውኃ በጥብጠሽ በስፖንጅ አረፋውን ወፈር አድርገሽ ዳዶው ላይ ቀቢ። ማቀዝቀዣው እየሠራ አትሞክሪ፤ ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ትንሽ ቀዳዳ አይታይም። አጥፍተሽው ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ሞክሪ፤ የሁለቱ ወገን ግፊት እኩል ሲሆን 15 ባር አካባቢ ይደርሳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማሞቂያ ላይ አድርጎ ቱቦው ትኩስ ሳለ ማየት ነው፣ እጅሽን እንዳያቃጥልሽ ብቻ ተጠንቀቂ። አረፋው ቀስ እያለ የሚያብጥ ከሆነ እዚያ ነው። የውጪው ክፍል ጎን ላይ ያሉትን ሁለት ዳዶዎችና የናስ ክዳኖቻቸውንም እንዲሁ ፈትሺ፤ ክዳናቸው የጠፋ ወይም ላልቶ የተተወ ቫልቭ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል።

ካገኘሽው ዳዶውን ራስሽ ለማጥበቅ አትሞክሪ። በአንድ ቁልፍ ብቻ ሲታገሉት ቱቦው ይጣመማል፣ አለልክ ሲጠብቅ ዳዶው ይሰነጠቃል። ባለሙያው ጋዙን መልሶ ሰብስቦ፣ የተበላሸውን አፍ ቆርጦ፣ የመዳቡን ብናኝ ጠርጎ እንደገና ይሥራው። ለባለ ሩብ ኢንች ቱቦ ከ14 እስከ 18፣ ለባለ ግማሽ ኢንች ከ50 እስከ 60 ኒውተን ሜትር ነው ማጥበቂያው። ልክ የሚያሳይ ቁልፍ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ካገኘሽ ስልኩን አስቀምጪ። ቀዳዳው ራዲያተሩ ውስጥ ከሆነ ግን በብየዳ ከመለጠፍ ራዲያተሩን ማስቀየር ይሻላል፤ አንድ ቦታ የተበላ መዳብ አጠገቡም መበላቱ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ላይ ነው ብዙዎች የሚያጭበረብሩት፤ ስለዚህ አጠገቡ ቆመሽ እይ። በመጀመሪያ ናይትሮጅን ገብቶ ግፊቱ መቆሙ ይታያል። ኦክስጅን እንዳያስገባ! ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል። የብየዳ ጠርሙስ ተሸክሞ ከመጣ በሩን ዝጊበት። ናይትሮጅኑ ካደረ ደግሞ ቀን 28 ዲግሪ፣ ሌሊት 15 ዲግሪ በሚሆንበት በዚህ ከተማ 25 ባር የነበረው ጠዋት ወደ 24 ቢወርድ ቀዳዳ አለ ማለት አይደለም፤ ቅዝቃዜው ነው። ቀን ሲሞቅ ይመለሳል።

ቀጥሎ ቫኪዩም፣ ማለትም ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየርና እርጥበት በፓምፕ ስቦ ማውጣት። ጋዝ እየለቀቁ «አየሩን አስወጣሁት» ማለት ቫኪዩም አይደለም። አር-410ኤ እና አር-32 የሚጠቀሙበት ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ውኃ ከቀረበት አሲድ ይፈጠርና ያኔ ኮምፕረሰሩ በእውነት ይሞታል። በክረምት የሚገጠም ኤሲ ላይ ደግሞ ይሄ በጣም ያሰጋል። እዚህ ላይ ባሕር ዳርን የሚመለከት ነገር አለ፤ ወጣት ባለሙያዎችም ልብ በሉልኝ። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ የአየሩ ግፊት 0.8 ባር አካባቢ ነው። ስለዚህ ተራው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ምንም ያህል ፓምፑ ቢሠራ -30 ኢንች (የሜርኩሪ) ላይ አይደርስም፤ -24 አካባቢ ይቆማል። ፓምፑ ስለተበላሸ አይደለም፣ ከዚያ በታች የሚሄድበት አየር ስለሌለ ነው። የቫኪዩሙን ጥራት በትክክል የሚያሳየው በማይክሮን የሚለካው ዲጂታል ጌጅ ነው፤ ከ500 በታች ወርዶ፣ ፓምፑ ከተዘጋ በኋላ ሳይወጣ መቆየት አለበት። እየወጣ አንድ ቦታ ከቆመ እርጥበት አለ፣ ሳያቋርጥ ከወጣ ቀዳዳው አልተደፈነም።

ጋዙ የሚሞላው በሚዛን ነው። የውጪው ክፍል ሰሌዳ ላይ የጋዙ ዓይነትና ክብደቱ ተጽፏል። ማሽንሽ ኢንቨርተር ከሆነ ኮምፕረሰሩ ፍጥነቱን እየለዋወጠ ስለሚሠራ በጌጅ ግፊት ብቻ እያዩ መሙላት ግምት ነው። አር-410ኤ ከሁለት ጋዞች የተቀላቀለ ስለሆነ በፈሳሽነቱ መግባት አለበት። አር-32 ደግሞ እሳት ሊይዝ ይችላል፤ ሲሠራ ሲጋራም ከሰልም አጠገቡ አይኑር። አር-22 ለሚባለው የድሮ ጋዝ በተሠራ ማሽን ላይ አር-410ኤ ወይም አር-32፣ ለእነዚህ በተሠራው ላይ ደግሞ አር-22 መሙላት ማሽኑን መግደል ነው።

ነጭ ጭሱን በተመለከተ አትስጊ፣ ብልሽት አይደለም። ስታሞቂ የውጪው ራዲያተር ከውጪው አየር ላይ ሙቀት ስለሚወስድ ራሱ ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል። በታኅሣሥ ሌሊት ውጪው 8 ዲግሪ ሲሆንና ከሐይቁ በኩል እርጥበት ሲኖር ውርጭ ይይዘዋል። ማሽኑ ይህን ሲያውቅ ለጥቂት ደቂቃ ዑደቱን ገልብጦ ውርጩን ያቀልጣል፤ ያኔ የሚወጣው እንፋሎት ነው፣ የውስጡም ፋን የሚቆመው እናትሽ ላይ ቀዝቃዛ አየር እንዳይነፍስ ነው። አሥር ደቂቃ አካባቢ ቆይቶ ከተመለሰ ተዪው። ውርጩ በረዶ ሆኖ ከወፈረና ሳይቀልጥ ካደረ ግን ጋዙ መጉደሉን አንድ ተጨማሪ ምልክት አገኘሽ።

ጋዙን ከመጠርጠር በፊት የሚታዩ ነገሮችም አሉ፣ ቶሎ ልለፋቸው። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ፊልተሩን በውኃ እጠቢ፤ ባጃጅ የሚያልፍበት ጠጠር መንገድ ዳር ከሆናችሁ የውጪውም ራዲያተር ይደፈናል፣ ብሬከሩን አጥፍተሽ በቀስታ ውኃ ይታጠብ። ቮልቴጁን ኮምፕረሰሩ በሚነሳበት ቅጽበት በቴስተር አስለኪ፤ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚያስነሳበት ሰዓት ወደ 180 የሚወርድበት ቤት አይቻለሁ፣ እንዲህ ባለ ቤት ጥፋቱ የኤሲው አይደለም። በዲቫይደር ከሰካሽው ዛሬውኑ ንቀዪው። መብራት ሄዶ ሲመለስም ቢያንስ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ አታስነሺው።

ባለሙያው አሁንም «ኮምፕረሰሩ ነው» ካለ በቃል አትቀበዪው፣ ይለካልሽ። ኢንቨርተር ካልሆነ መጀመሪያ ካፓሲተሩ (ኮምፕረሰሩ እንዲነሳ የሚያግዘው ዕቃ) ይታይ፤ 35 ማይክሮፋራድ የተጻፈበት 25 ካሳየ እሱ ነው ችግሩ፣ ዋጋውም ከኮምፕረሰር ጋር አይወዳደርም። ካፓሲተር መብራት ጠፍቶም ቻርጅ ይዞ ስለሚቆይ አንቺ አትንኪው። ከዚያ የኮምፕረሰሩ ሦስት የኤሌክትሪክ እግሮች በቴስተር በኦም ይለኩ። በተራው ኮምፕረሰር ከመነሻው እግር እስከ መሮጫው ያለው ንባብ፣ እያንዳንዳቸው ከጋራው እግር ጋር ያላቸው ንባብ ድምር መሆን አለበት፤ በኢንቨርተሩ ሦስቱም እኩል ይሆናሉ። ከእግሮቹ አንዱም ከብረቱ አካል ጋር መገናኘት የለበትም። ይህን ለክቶ ካላሳየሽ ሌላ ሰው ጥሪ።

እስከዚያው ፊልተሩን አጥበሽ ማሽኑን ሩብ ሰዓት አሠሪው፣ ቴርሞሜትር ካለሽ የሚገባውንና የሚወጣውን አየር ለኪ፤ በማቀዝቀዝ ጊዜ ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ መሆን አለበት። ዳዶዎቹን በአረፋ ፈትሺና ያየሽውን፣ በረዶው የቱ ቱቦ ላይ እንደሆነም ጨምረሽ፣ እዚሁ ጻፊልኝ። የውጪውን ክፍል ሰሌዳ ፎቶ ከለጠፍሽልኝ የጋዙን ዓይነትና ባለሙያው ስንት ግራም መሙላት እንዳለበት አይቼ እነግርሻለሁ።