የጥርስ ነገር፦ ጥያቄና መልስ

የኮምቦልቻው ወጣት ጥርሱን በሎሚ ማንጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቋል።

አይቻልም። አሲዱ የጥርስህን ሽፋን ይበላዋል። ዛሬውኑ ተወው።

ደሴ ሱቅ ያላት እህታችን ደግሞ ግራ ገብቷታል። ስኳር ቀንሳለች፣ ከረሜላ አትወድም፣ ጥርሷ ግን መቦርቦሩን አላቆመም። መልሱ እዚያው ጽሑፏ ውስጥ አለ። ጠዋት ስኳር ጣል ያደረገችበትን ሻይ በፔርሙስ ይዛ ትገባለች። ደንበኛ ሲመጣ ታስቀምጠዋለች፣ ሲሄድ ፉት ትላለች። እስከ ምሳ።

እህቴ፣ አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ባገኙ ቁጥር አሲድ ያመርታሉ። አሲዱ ከጥርስ ላይ ማዕድን ያሟሟል። ምራቅ አሲዱን አክሽፎ ማዕድኑን ይመልሳል፤ ግን ግማሽ ሰዓትም ከዚያ በላይም ሊፈጅበት ይችላል። አንቺ በየሩብ ሰዓቱ ፉት ስትዪ ምራቅሽ መቼ ፋታ ያግኝ? ሻዩን ከቁርስ ጋር ጠጥተሽ ጨርሺ። ሱቅ ውስጥ ውኃ ያዢ።

ቡናውን ተይ አልልሽም። ወሎ ላይ ማን ደፍሮ ይላል! ስኳር ካማረሽ አቦሉ ላይ ይሁን፤ ቶናውንና በረካውን ያለ ስኳር ልመጂው። ስኒው ሥር የቀረውን ስኳር በጣት ጠርጎ መላስ ይቅር። የቡና ቁርሱም ከብስኩት ይልቅ ቆሎ ወይም ንፍሮ ቢሆን ይሻላል። ጫት ላይ ለምትቀመጡም ነገሩ ያው ነው። አፍ በደረቀበት ሰዓት ለስላሳ እየተጎነጩ መዋል ጥርስን ይጨርሳል። ውኃ ይቅረብ።

እህቴ፣ የስኳሩን መጠንም ጠይቀሻል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ከስኳር የሚገኘው ጉልበት ከቀኑ 10 በመቶ በታች ይሁን ይላል፤ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። 5 በመቶው ለአዋቂ በቀን 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ማርም ይቆጠራል።

የሐይቅ ከተማው አባት መፋቂያ ጥርስ ያጸዳ እንደሆነ ጠይቀዋል። አባቴ፣ በደንብ ከተጠቀሙበት ያጸዳል። ማታ ግን ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይቦርሹ። ድድዎ ከደማ ሐኪም ይየው።

የባቲው አባት የሁለት ዓመት ልጁ ስኳር ሻይ በጡጦ ይዞ እንደሚተኛ ጽፎልኛል። የፊት ጥርሶቹ ቡኒ ሆነው ተሸርፈዋል፤ አሁን ድዱ አብጦ መግል ይዟል። አያቱ "የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል" ይላሉ።

ወንድሜ፣ ይህን እንዳነበብክ ልጁን ይዘህ ተነሳ። ከወተት ጥርስ የተነሳ መግልም ወደ ፊቱ ሊዛመት ይችላል። ፊቱ ካበጠ፣ ካተኮሰው ወይም መዋጥ ካቃተው ነገ አይባልም፤ ድንገተኛ ክፍል ውሰደው። አዋቂ ነኝ ባይ ድዱን እንዲበጣው አትፍቀድ። ጤና ጣቢያው የጥርስ ሐኪም ከሌለው ወደ ደሴ እንዲጽፉልህ አጥብቀህ ጠይቅ። ለአያቱም በአክብሮት አስረዳቸው፦ የመንጋጋ የወተት ጥርሶች እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ፤ ልጁ እህል የሚያደቀው በእነሱ ነው።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ ለሌሊት ከውኃ ሌላ አትስጡት። ያለቅሳል፤ ታገሱት። ሲሻለው ጠዋትና ማታ የሩዝ ፍሬ የምታህል የፍሎራይድ ሳሙና አድርጋችሁ እናንተው ቦርሹለት።