ሐኪሙ፣ ነፍሳት አጥኚውና መሐንዲሱ በአንድ ቡድን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ደሴ የሕክምና ላቦራቶሪ መምህር ነኝ። ከሐኪሞች፣ ከባዮሎጂና ከኮምቦልቻ መሐንዲሶች ጋር የወባ ጥናት ቡድን ልናቋቁም አስበናል። ስንት ሰው፣ እነማንን እንያዝ? እንዲህ ያለ ቡድን ገንዘቡ እንደተለቀቀ የሚበተነውስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ የሚበተነው አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ከመነሻው የአንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ ነው። አንዱ ፕሮፖዛሉን ጽፎ ይጨርሳል፤ የገንዘብ ሰጪው ጥሪ የተለያየ ሙያ ስለሚፈልግ የሌሎቹን ስም መጨረሻ ላይ ይደረድራል። እንዲህ የገባን ሰው ከአበል በቀር የሚያቆየው የለም። ስለዚህ ሰው ከመፈለግዎ በፊት አንድ ክፍል ብቻውን የማይፈታውን ጥያቄ ይፈልጉ።

ለእናንተ ሩቅ አይደለም፤ ባቲ አለላችሁ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የእስያ የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ታየች፤ በኋላ በተደረገ አሰሳ ባቲም ተገኝታለች። ነባሯ የወባ ትንኝ አራቢየንሲስ በአብዛኛው ዝናብ ባቆረው ኩሬ ስትራባ፣ ይህችኛዋ በርሜልና የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል፤ በበጋም አትጠፋም። ሐኪሙ በሽተኛውን፣ ነፍሳት አጥኚው እጯን ያያል። ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና ሰው ለምን በርሜል እንደሚሞላ የሚያስረዳው ግን የውኃ መሐንዲሱ ነው። ጥያቄው ሲረቀቅ አብሮ ይቀመጥ።

ከ5 እስከ 8 ሰው ይበቃል፦ ከላይ ካሉት ሌላ የላቦራቶሪና የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ እንዲሁም ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው። የስታቲስቲክስ ባለሙያውን ናሙና ከተሰበሰበ በኋላ አይጥሩት። ያን ጊዜ ከአንድ ቤት የተወሰዱ 6 ሰዎች እንደ 6 የተለያዩ ቤቶች እንደማይቆጠሩ፣ ናሙናውም እንዳነሰ ከመንገር ያለፈ ምንም አያደርግላችሁም።

ብዙ ልፋት ከንቱ የሚቀረው ቅጹ ላይ ነው። የጤና ጣቢያው መዝገብ በእኛ አቆጣጠር፣ የዝናቡ መረጃ በፈረንጅ ነው። አንዱ «ወር 3» ብሎ ኅዳርን፣ ሌላው ማርችን ይጽፋል፤ ሲገጣጠም ዝናቡና በሽታው አይገናኙም። ሁለቱም አቆጣጠር በየራሱ ዓምድ ይግባ፣ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ። ለቤቱ የተሰጠው መለያ ቁጥር በበርሜሉ፣ ደሙ በማይክሮስኮፕ በሚታይበት መስታወት (ስላይድ) እና የደም ጠብታ በሚያርፍበት ወረቀት ላይ ሳይለወጥ ይደገም።

የደም ጠብታ ያረፈበት ወረቀት ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ እርጥብ እያለ ከታሸገ ይሻግታል። ከደረቀ በኋላ እርጥበት ከሚመጥጠው ሲሊካ ጄል ጋር በከረጢት ይቀመጥ። ስቴፈንሲን በብርሃን ወጥመድ መያዝ ያስቸግራል፤ እጯን ከበርሜል ቀድቶ ማሳደግ ይሻላል። በዓይን ከሌሎች ትንኞች ጋር ስለምትምታታ በዘረ መል ምርመራ ይረጋገጥ።

የሥነ ምግባር ፈቃዱ ለሁሉም አንድ ይሁን። የመሐንዲሱ የውኃ መጠይቅ ዘግይቶ ከተጨመረ ማሻሻያ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ወቅቱም ያልፋል። የስምምነት ቅጹን በአማርኛና በኦሮምኛ አዘጋጁ፤ አፋርኛ የሚችል መረጃ ሰብሳቢም ይኑራችሁ።

የደራሲነት ነገር በመጀመሪያው ወር በጽሑፍ ይለቅ። የዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ 4 መስፈርቶች አሉ፦ በሥራው ጉልህ ድርሻ፣ በማርቀቅ ወይም በማረም መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ተጠያቂነት። አራቱንም የሚያሟላ ደራሲ ይሆናል፤ አለቃ ስለሆነ ብቻ ስሙ የሚገባ የለም። ይህን ቀድሞ መናገር ይከብዳል፤ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ መናገር ግን ይብሳል።

ጥያቄ፦ ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። የት እንሰብሰብ?

መልስ፦ በየሁለት ሳምንቱ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ። ሁልጊዜ ደሴ ከሆነ መሐንዲሶቹ መቅረት ይጀምራሉ። ባቲ ለቤት ለቤት አሰሳ ስትወርዱ ደግሞ ሰኞን ተዉት፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ስምምነት የሚፈርም አዋቂ ቤት አይገኝም።