በልጅነት ያልተለቀሰ ኀዘን

ጥያቄ፦ እናቴ ስታርፍ የ7 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጎረቤት ቤት አቆይተው «ጠበል ሄዳለች» አሉኝ፤ ለቅሶዋንም ቀብሯንም አላየሁም። አሁን ልጄ 7 ዓመት ሞልቷታል፤ ጠጉሯን ስሠራላት እንባዬ ይቀድመኛል። ከ27 ዓመት በኋላ እንዲህ ማልቀስ እግዚአብሔርን ማማረር ነውን?

መልስ፦ እኅታችን፣ ማማረር አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ የከለከለው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ማዘንን ነው (1ኛ ተሰ. 4፥13)፤ ጌታችንም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። ለጥያቄዎ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የዮሴፍ ታሪክ ይመስለኛል። እናቱ ራሔል ብንያምን ስትወልድ በኤፍራታ መንገድ ስትሞት ዮሴፍ ገና ልጅ ነበር። በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆመ፤ 7ቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው ረኃቡ ከገባ በኋላ፣ ዕድሜው ወደ 40 ሲጠጋ፣ መጽሐፍ «የእናቱን ልጅ» የሚለውን ብንያምን ባየ ጊዜ አንጀቱ ተላወሰ፤ ወደ እልፍኙ ገብቶ አለቀሰ፤ ፊቱን ታጥቦም ወጣ (ዘፍ. 43፥29-31)። በግብፅ ሁሉ ላይ የተሾመው፣ እግዚአብሔርም ከእርሱ ጋር የነበረው ሰው እንዲህ ሆኗል።

ልጅ ኀዘኑን በአንድ ጊዜ አይጨርስም። በ7 ዓመትዎ ያጡት የምታጎርስዎትን እጅ ነበር፤ በሠርግዎ ቀን መራቂዎን አጡ፤ በአራስ ቤት ደግሞ ገንፎ የምታገነፋልዎትን። «ጠበል ሄዳለች» ያሉዎት ሰዎች ለእርስዎ አዝነው እንጂ ክፉ አስበው አይደለም፤ እኔ ግን ልጅን ከመርዶ መሸሸግን አልደግፍም፤ ስንብት የተነፈገ ልጅ ደጅ ደጁን እያየ ያድጋልና።

አርባውም ሙት ዓመቱም ያለ እርስዎ ዐልፈዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን በቅዳሴ ላረፉት ዘወትር ስለምትጸልይ ጊዜው አላለፈብዎትም። ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚያውቁት የወላጆቻቸውን መጠሪያ ስም ብቻ ስለሆነ፣ የእናትዎን ክርስትና ስም ከአክስትዎ ጠይቀው ለንስሐ አባትዎ ይስጡ፤ በስማቸው ጸሎት ያስደርጉ፤ ዐቅምዎ በፈቀደ መጠን ነዳያንን ይመግቡ። ኀዘኑ እንቅልፍ የሚነሣዎት ከሆነ ደግሞ ሐኪም ማማከር ከእምነት ጋር አይጋጭም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ልጅዎን ይዘዋት ይሂዱ። ለምን እንደሚያለቅሱ ብትጠይቅዎት «ዓይኔን አሞኝ ነው» አይበሏት፤ አያቷ እንደ ሞቱ፣ ትንሣኤ ሙታንን እንደምንጠብቅ፣ በልጅነትዎም ጠጉርዎን እንዴት ይሠሩልዎት እንደ ነበር ይንገሯት።