መልስ፦ ዘመናዊ ማኒኪን (የሰው ቅርጽ ያለው የሕክምና መለማመጃ) ሳይኖር የዋርድ ነርሶችን ማለማመድ

"ውድ ማኒኪን ሳይኖረን የሕፃናት ዋርድ ነርሶችን እንዴት እናለማምድ?" ላሉት፦ ተራ አሻንጉሊት ይበቃል። ግን አዳራሽ ሳይሆን እዚያው ዋርዱ ውስጥ፣ በራሳችሁ ኦክስጅንና አምቡባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) አድርጉት፤ የጎደለው ማስክ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ለምሳሌ በሳንባ ምች የተኛ፣ 10 ኪሎ የሚመዝን የ1 ዓመት ልጅ። ትንፋሹ በደቂቃ 56፣ ኦክስጅኑ 91 በመቶ ይሁን። ከ5 ደቂቃ በኋላ 70 እና 84። ከዚያ ትንፋሹ ወደ 16 ይውረድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ "ተረጋጋ" ይላል። ልጁ ግን ደክሞ ነው፤ አምቡባግ ይፈልጋል። ደረቱ ካልተነሳ ወይ ማስኩ አየር ያፈሳል፣ ወይ አንገቱ ከልክ በላይ ወደ ኋላ ተቀልብሷል። የትንፋሹንና የኦክስጅኑን ቁጥር ለለካ ብቻ ንገሩ።

ቀጥሎ የደሙ ስኳር ወርዶ 38 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው በሏቸው። ባለ 10 በመቶ ግሉኮስ፣ 5 ሚሊ በኪሎ፣ ማለትም 50 ሚሊ ነው። ያላችሁ ባለ 40 በመቶ ከሆነ 12.5 ሚሊውን በ37.5 ሚሊ የመርፌ ውሃ ማቅጠን ነው። በቃል አትቀበሏቸው፤ በሲሪንጅ ይቅዱት። ሲጨርሱ ያንን ሲሪንጅ ወዲያው አስወግዱ፤ ለልምምድ የተቀዳ ነገር ትሮሊ ላይ አይደር።