ለአባቴ ያስተረጎምኩባት ቅዳሜ

ባለፈው ወር በእኔው ሙያ ገና ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ወጣት መሐንዲስ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ግላስጎው ሊመጣ ነው። ኳስ ነፍሱ ነው፤ የሴልቲክና የሬንጀርስ ትኬት ግን ለሁለት ሰው ከበደኝ። ምን ባሳየው ይሻላል?» አንድ ሻይ ሳንጨርስ የሚመለስ ጥያቄ ነበር፤ እኔ ግን «አስቤበት እነግርሃለሁ» ብዬ ተለየሁትና ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ለእሱ የምጽፈው ለሌሎቻችሁም ይሆናል ብዬ ነው በአደባባይ የምጽፈው።

መልሱን አስቀድሜ ልስጥ። በስኮትላንድ ሊግ 42 ክለቦች በአራት እርከን ተከፍለው ይጫወታሉ፤ ዓለም በስም የሚያውቀው ከላይኛው እርከን 12 መካከል ጥቂቶቹን ነው። ከቀሩት 30 ብዙዎቹ እንደ ፎርፋርና ሞንትሮዝ ባሉ ትንንሽ ከተሞች፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ የሰፈሩ ሰው እርስ በርሱ በስም እየተጠራራ በሚያያቸው ሜዳዎች ይጫወታሉ። አባትህን ወደ አንዱ ውሰደው። ስለ ልብስ አልመክርህም፤ አንድ ክረምት እዚህ አሳልፈሃል።

እኔ አባቴን የወሰድኩት አርብሮዝ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው፤ ክለቧም ስሙ አርብሮዝ ነው። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት በዳንዲ ከተማ በውሃ መስመር ሥራ ላይ ሳለሁ ሊጠይቀኝ መጥቶ አንድ ወር ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሲሠራ የኖረ ሰው ስለነበር ያወጣሁለትን እያንዳንዱን ፓውንድ ወደ ብር እየመነዘረ ይቆጨው ነበር፤ በርካሽ የሚገባበት ጨዋታ ስል እሺ ያለውም ለዚሁ ነው። በባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል ተጉዘን ወረድንና ወደ ጌይፊልድ ሜዳ በእግር ሄድን። ሜዳው ከሰሜን ባሕር ጋር በአጥር ብቻ የተለየ ነው፤ ማዕበል በበረታ ቀን ውሃው አጥሩን ዘሎ ተመልካቹን ያርሰዋል። አባቴ ከዚያ በፊት ባሕር ያየው በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ ነበር። ጥቂት ቆሞ ካየው በኋላ «የዚያኛው ባሕር ሰላምታ ይሰጥ ነበር፤ ይኼኛው ተቆጥቷል» አለኝ።

ከካፖርቱ በላይ ጋቢውን ደርቧል። አልደብቃችሁም፣ በጋቢው አፍሬ ነበር። ከጎናችን አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የክለቡን ሻርፕ ጠምጥመዋል። አባቴን ትኩር ብለው አዩና ሄደው አንድ የሥጋ ፓይና አንድ ኩባያ ቦቭሪል ይዘው መጡ። ቦቭሪል ከበሬ ሥጋ ተጨምቆ የሚዘጋጅ፣ በፈላ ውሃ የሚበጠበጥ መጠጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በግላስጎው ሃምፕደን ሜዳ የዋንጫ ፍጻሜ ላይ ከተነሣው ረብሻ በኋላ በስኮትላንድ ሜዳዎች ለተመልካቹ አልኮል ስለተከለከለ ብርዱን የሚረታው እሱ ነው። ወሩ ግን ኅዳር ሊያልቅ ነው፤ ጾመ ነቢያት ገብቷል። አባቴ «ጾም መሆኑን ንገርልኝና አመስግንልኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ ስለ ጾማችን ማብራራቱ ታክቶኝ «አልራበውም» ብዬ አስተረጎምኩ። ፓዩን ሰውየው በሉት። ኩባያውን ግን አባቴ በክብር ተቀብሎ፣ አንድ ጊዜም ሳይጎነጭ፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በሁለት እጁ እንደያዘው ቆየ። ሰውየው ኩባያውን አየት፣ እኔን አየት ያደርጉ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌው ስለ ክለባቸው ያወሩልን ጀመር። እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 1885 አርብሮዝ ቦን አኮርድ የተባለውን የአበርዲን ቡድን 36 ለ 0 ማሸነፉን፣ ከነዚያ ጎሎች 13ቱን የ18 ዓመቱ ጆን ፔትሪ ብቻውን ማግባቱን ነገሩን። ይህን አንዲት ቁጥር ሳላጎድል ለአባቴ ተረጎምኩለት። አባቴ እስኪያለቅስ ሳቀና «በረኛቸው ቤቱ ገብቶ ነበር እንዴ?» አለ፤ እሱንም ተረጎምኩ፤ ሽማግሌውም ሳቁ። እስከዚህ ድረስ ደህና አስተርጓሚ ነበርኩ።

ቀጥለው እኚያ ሰው አባቴን «እርስዎስ ያዩት ታላቅ ጨዋታ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁት። አባቴ ጋቢውን አስተካከለና ተናገረ። አምስት ደቂቃ ተናግሮ ይሆናል፣ ከዚያም ይበልጥ ይሆናል። በ1954 ዓ.ም. ጥር ላይ በካምቦሎጆ የተደረገውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ እንደሚያወራ የተጫዋቾቹን ስሞች ስሰማ ገባኝ፤ ባዳዊ፣ ኢታሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ። ግብፅ ሁለት ጊዜ እየመራች ኢትዮጵያ በተጨማሪ ሰዓት ማሸነፏን ማንም ያውቃል፤ እኔም ያንኑ የታወቀውን የሚደግም መሰለኝ። ግን እንዴት እንደገባ፣ ከማን ጋር እንደሄደ፣ በማን ትከሻ ላይ እንደወጣ የሚናገር ነገር ነበረበት፤ በእጁ የሰው ቁመት እያሳየ፣ አንድ ቦታ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እኔ ነፋሱ ጆሮዬን ስለቆረጠኝ፣ ሰኞ የማስረክበው የሥራ ንድፍም በሐሳቤ ስለነበረ፣ አልሰማሁትም። ሲጨርስ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ኳስ እንደሚወድ ነው የሚናገረው» አልኳቸው።

አባቴ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ነገር ግን ሒሳብ ያውቃል። የአምስት ደቂቃ ንግግር በአንዲት ዐረፍተ ነገር ማለቋን ታዝቦ ይመስለኛል፣ ቀስ ብሎ በአንድ እጁ አራት ጣት በሌላው ሁለት ጣት አነሣ። ሽማግሌው «አራት ለሁለት!» ብለው ጮኹና ትከሻውን መቱት። ከኔ ያላገኙትን ከጣቱ አገኙ።

የዛሬ ወጣቶች ሜዳ ገብታችሁ ጨዋታውን በስልካችሁ መስኮት ስታዩት እበሳጫለሁ፤ ዐይኑን ከስልኩ የማይነቅል ሰው አብሮኝ እንዲቀመጥም አልወድም። ነገር ግን ያን ቀን በኪሴ እንዲህ ያለ ስልክ ኖሮ ድምፁን ቀድቼው ቢሆን ዛሬ ምን በሰጠሁ። አባቴ ካረፈ 19 ዓመቱ ነው። ከእሱ በኋላ የዚያን ቀን ታሪክ ያውቁ እንደሆነ ብዬ ወንድሞቼን ጠየቅኩ፤ እያንዳንዳቸው የተለያየ ነገር ነገሩኝ፤ ከአንዳቸውም ውስጥ ድምፁን ዝቅ ያደረገበትን ቦታ አላገኘሁትም። ስለዚህ ወንድሜ፣ ትኬቱን ከፈለግህ ለሴልቲክም ግዛ፤ እዚያም አባትህን የሚያናግር ሰው አይጠፋም። ብቻ ማስተርጎም የማይሰለችህን ቀን ምረጥ።

ጨዋታው በስንት እንደተጠናቀቀ አላስታውስም። ስንወጣ በሩ ላይ ሽማግሌው የአባቴን እጅ ይዘው ለረጅም ጊዜ ጨበጡትና፣ ወደ እኔ ዘንበል ብለው ቀስ ባለ ድምፅ አሉኝ፤ «ልጄ፣ አባትህ ከዚያ ብዙ የሚበልጥ ነገር ነው የተናገሩት።»

ወደ ባቡሩ ስንሄድ አባቴ «ምን አሉህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ደህና ግቡ ነው ያሉት» አልኩት።