ባቄላ በአሲዳማ መሬት፦ የሥር ባክቴሪያዎች አሲድን እስከ ምን ድረስ ይቋቋማሉ?

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ በመራዊ አካባቢ ቀይ አፈር ላይ እናርሳለን። አፈራችን ተመርምሮ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 4.9 ነው ተብለናል። የባቄላ ዘር የሥር ባክቴሪያ ባለበት ባዮ ማዳበሪያ ለውሰን ብንዘራም ሥሩ ላይ ባክቴሪያው ናይትሮጂን የሚያዘጋጅበትን እባጭ አላገኘንም፤ ከጎኑ ያለው ግብጦ ግን ያማረ ነው። ባክቴሪያዎቹ በአሲዱ አልቀው ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የተወሰኑት አልቀው ይሆናል፤ ዋናው ችግር ግን ከመሞታቸው ይልቅ ከሥሩ ጋር ሳይገናኙ መቅረታቸው ይመስለናል። ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲቀንስ አሲድነቱ 10 እጥፍ ስለሚጨምር፣ 4.9 እና 5.9 በቁጥር ቢቀራረቡም ለባክቴሪያው እጅግ የተራራቁ ናቸው። አሲድ የሚችል ሪዞቢየም (የሥር ባክቴሪያ) በዙሪያው ያለው አፈር ቢኮመጥጥም የሕዋሱን ውስጥ ከገለልተኛ ብዙ ሳያርቅ ያቆያል፤ ይህንንም የሚያደርገው ወደ ውስጥ የሚገባውን የሃይድሮጂን አዮን ጉልበቱን እያወጣ መልሶ በማስወጣት፣ በውስጡ ፖታሲየም በመያዝና የሽፋኑን ቅባቶች በመለወጥ ነው። የቦሎቄው ሪዞቢየም ትሮፒሲ በዚህ መንገድ እስከ 4.5 አካባቢ ሲራባ፣ የአልፋልፋው ባክቴሪያ ከ5.5 በታች ይቸገራል።

ይሁን እንጂ ባክቴሪያው በሕይወት ስለቆየ ብቻ እባጭ ይሠራል ማለት አይደለም። ሥሩ ባክቴሪያውን የሚጠራባቸውን ንጥረ ነገሮች ማመንጨቱ፣ ባክቴሪያው ምላሽ መስጠቱና ከሥር ፀጉሩ ላይ መጣበቁ ሁሉ በአሲድ ይዳከማሉ፤ ካልሲየም ሲያንስና ከ5.5 በታች የሚሟሟው አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ ሲጎዳው ደግሞ ግንኙነቱ ይበልጥ ይሰናከላል። በዚህ ላይ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን ይይዙታል፤ ናይትሮጂን ለሚያዘጋጀው ኢንዛይም የግድ የሚያስፈልገው ሞሊብዲነም የተባለው ማዕድንም ለተክሉ እንደልብ አይገኝም።

ግብጦው ያማረው ራሱ አሲዳማ አፈር የሚስማማው ተክል ስለሆነና ብራዲሪዞቢየም ከተባለ አሲድን በደንብ ከሚችል ወገን ጋር ስለሚኖር ነው። ያ ባክቴሪያ ግን ከባቄላ ጋር ስለማይጣመር፣ የግብጦ ማሳ አፈር ወስዶ ባቄላው ላይ መበተን አይጠቅምም፤ ይህን የሚሞክሩ ስላሉ ነው በተለይ ማንሳታችን።

ስለዚህ ባዮ ማዳበሪያውን ከመድገምዎ በፊት ኖራ ይቅደም። መጠኑ በፒኤች ብቻ ሳይሆን በአፈሩ የአሲድ ክምችት ምርመራ ስለሚወሰን፣ የወረዳዎን የግብርና ባለሙያ ወይም የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልን ይጠይቁ። ኖራው ባቄላው ከመዘራቱ አንድ ወር ያህል አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር በደንብ ቢደባለቅ መልካም ነው። ዘሩን ጥላ ሥር ለውሰው ወዲያው በእርጥብ አፈር ይዝሩ፤ የተለወሰው ዘር ከሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ጋር እንዳይነካካ ይጠንቀቁ፤ በራሱ አሲዳማ የሆነው ማዳበሪያ ኖራ የተጨመረበትን መሬት እንኳ በዘሩ ዙሪያ መልሶ ያኮመጥጠዋልና።

ባቄላው ማበብ ሲጀምር ጥቂት እግር ከነአፈሩ በዶማ ያውጡ፤ ቢነቅሉት እባጮቹ መሬት ውስጥ ይቀራሉ። ሥሩን በውኃ አጥበው አንዱን እባጭ በጥፍርዎ ይሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ናይትሮጂን እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን እባጭ ቢኖርም አይሠራምና ያዩትን ለባለሙያው ይንገሩት።