ዳሽቦርዱ 29፣ ጌጁ 32፦ የቱን ልመን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የጎማዎቼን ንፋስ በጌጅ (በእጅ በሚያዝ የግፊት መለኪያ) ስለካው 32 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ነው። ዳሽቦርዱ ግን አራቱንም 29 ይላል። የምኖረው 2000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው። ሴንሰሮቹን ላስተካክል ወይስ ልቀይር?

መልስ፦ እባክዎ ለጊዜው ገንዘብዎን አያውጡ። ከጥያቄዎ ልቤን የሳበው «አራቱንም» የሚለው ቃል ነው። አራት ሴንሰሮች ተስማምተው እኩል 3 ፒኤስአይ አይሳሳቱም። እኔ የምጠረጥረው ከፍታውን ነው።

ጌጁ የሚለካው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ቸርኬው ላይ ያለው ሴንሰር ግን ጠቅላላውን ግፊት ይለካል፤ የውጭውን አየር የሚቀንሰው መኪናው ነው። አንዳንድ መኪኖች ሁልጊዜ የባሕር ወለሉን 14.7 ይቀንሳሉ። እርስዎ ጋ የውጭው ግፊት 11.5 ያህል ብቻ ነው። ያስሉት፤ የጠፋችው 3 እዚያው ናት።

ጌጁም ሊሳሳት ስለሚችል በሌላ ጌጅ ያመሳክሩ። ጎማው ቀዝቃዛ ይሁን፤ መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ይቁም። ብዙ ሴንሰሮች ቆመው ሳለ አዲስ ቁጥር ቶሎ አይልኩምና ጥቂት ነድተው ዳሽቦርዱን ይዩ። የ1 ፒኤስአይ ልዩነት የተለመደ ነው። አንዱ ጎማ ብቻ ከሌሎቹ ከራቀ ግን ያኔ ሴንሰሩን ይጠርጥሩ። የውስጡ ባትሪ ከ5 እስከ 10 ዓመት ቢቆይ ነው፤ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀየረው ሙሉ ሴንሰሩ ነው።

ስለ ማስተካከሉ፦ የዚህ ዓይነት ሴንሰር ልኩ ከፋብሪካ ተስተካክሎ ይወጣል፤ ጋራዥ ውስጥ የሚነካካ ነገር የለውም። «ካሊብሬሽን» የሚል ቁልፍ በብዛት ያለው ቸርኬው ላይ ሴንሰር በሌላቸው መኪኖች ነው። እነሱ የንፋሱን መጉደል የሚገምቱት ከጎማው የመሽከርከር ፍጥነት ነው። ቁልፉ «የአሁኑን ልክ ያዝ» ማለት ብቻ ነው። የድሮ መኪናዬ እንዲህ ነበረች። የንፋስ ማስጠንቀቂያ መብራቷ ሲበራ ንፋስ ሳልሞላ ቁልፉን ተጫንኩት። መኪናዋ የጎደለውን ትክክል ብላ ያዘች፤ መብራቱ ጠፋ። ሳላውቅ ለወራት ነዳሁ፤ የፊት ጎማዎቼ ጠርዝ ጠርዛቸው ተበልቶ አለቀ። ስለዚህ መጀመሪያ ንፋስ፣ ከዚያ ቁልፍ።

አንድ ነገር አደራ። ዳሽቦርዱ 32 እስኪል ብለው አይሙሉ፤ ጎማው 35 ይገባል። በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈውን ልክ አይተው በጌጅ ይሙሉ። መብራቱንም አይጠብቁ። በብዙ መኪኖች የሚበራው ንፋሱ ሩብ ያህል ከጎደለ በኋላ ነው፤ 32 የነበረው 24 ሲደርስ ማለት ነው። በወር አንዴ ጠዋት፣ ከመነሳትዎ በፊት ይለኩ።